«ዩኒየኒስት ነኝ» ሲባል ምን ይሰማል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ እሠራለሁ። የሠራተኛ ማኅበር እንዲቋቋም ከሚሯሯጡት አንዱ ነኝ። ምሳ ሰዓት ላይ «እኔ ዩኒየኒስት ነኝ» አልኩ። አንዷ «የቡናው ዩኒየን ገባህ እንዴ?» አለችኝ። ሌላው ፊቱን ቋጠር አድርጎ «የአንድነት ሰው ነኝ እያልክ ነው?» አለኝ። እኔ ሁለቱንም ማለቴ አልነበረም፤ የሠራተኛ ማኅበር ደጋፊ ነኝ ማለቴ ነበር። ምን ልበል?

መልስ፦ ጓደኞችዎ አልተሳሳቱም። ቃሉን የሰሙት ሐዋሳ በሚሰማበት ጆሮ ነው። እዚያ «ዩኒየን» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ነው። መሠረታዊ ማኅበራት ተሰባስበው ያቋቁሙታል፤ የአባሎቻቸውን ቡና ለገበያ ያቀርባል። የሲዳማ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የሚለውን ስም የከተማው ሰው በደንብ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ጓደኛዎ የሰማው ፖለቲካ ነው። በዘመናችን «የአንድነት ኃይል» የሚባለው የሀገርን አንድነት ከብሔር ጥያቄ የሚያስቀድም ወገን ነው። ኅዳር 2012 ላይ ለክልልነት ድምፁን በሰጠ ሕዝብ መሀል ይህ ስም ሲነሳ ሰው ጆሮውን ቢያቆም አይፈረድበትም።

አንድነት የሚለው ቃል ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። 1955 ዓ.ምን ያስቧት። ኅዳር ላይ የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈርሶ «አንድነት» ተባለ። ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። በዚያው ዓመት የሀገሪቱ ሠራተኞች የመጀመሪያውን ሀገር አቀፍ ድርጅታቸውን አቋቋሙ። ስሙም የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ በአጭሩ ኢሠአማ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቃል ለሀገር፣ ለአህጉርና ለሠራተኛ አገለገለ። ያኔ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ «የአንድነቱ ሰው ነኝ» ቢል ለደመወዙ የሚሟገት መሆኑን የሚረዳለት አያጣም ነበር። ዛሬ አያስኬድም። የአሁኑ ሀገር አቀፍ ድርጅት፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ)፣ ስም ውስጥ ማኅበራት እንጂ አንድነት የለም። የአፍሪካውም ድርጅት በ1994 «ኅብረት» ሆኗል።

እኔ የምወደው የዚህን ሌላኛውን ቃል ቤተሰብ ነው። ኅብረት፣ ማኅበር፣ ተባበረ፣ አብሮ፤ ሁሉም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል «ቢያብር» የመጣው ከዚሁ ነው። ድሩ ሲያብር እያንዳንዱ ክር ክር እንደሆነ ይቀራል። የሠራተኛ ማኅበርም እንደዚሁ ነው። ሲዳማውም፣ ወላይታውም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም ማንነቱን ይዞ ይገባል። የትኛውን ፓርቲ እንደመረጠ የሚጠይቀው የለም። አንድ የሚያደርጋቸው ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱና የማሽኑ ደህንነት ነው። የፖለቲካ አንድነት ግን ስለ ሀገር ቅርጽ የተያዘ አቋም ነው። ሁለቱን አቋሞች በአንድ ላይ የሚይዝ ሰው አለ፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚቃወምም አለ። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ዩኒየኒስት የሚባለው ከብሪታንያ ጋር መቆየት የሚፈልገው ነው፤ ከአሠሪው ጋር ስላለው ጉዳይ ቃሉ ምንም አይነግረንም። ስለዚህ ቃሉን የሰማ ሰው «የምን ዩኒየን?» ብሎ ቢጠይቅ ልክ ነው።

ታዲያ ምን ይበሉ? «ማኅበርተኛ» የሚለው ያምራል፤ ግን የጽዋ ማኅበር ስለያዘው ሰው «የማን ማኅበር? የሚካኤል ነው የማርያም?» ማለቱ አይቀርም። አባል ከሆኑ «የሠራተኛ ማኅበር አባል ነኝ» ይበቃል። እርስዎ ግን ገና ማኅበሩ ሳይኖር ነው የሚሯሯጡት፤ አባል የሚሆኑበት የለም። ለርስዎ የሚስማማው «ሠራተኛ በማኅበር መደራጀት አለበት ብዬ የማምን ነኝ» የሚለው ነው። ረዘም ይላል፤ ግን ማንም አይስተውም። አጠር ይበል ካሉ «ማኅበር እናቋቁም ባይ ነኝ» ይበሉ። ይህ «ባይ» አቋምን ለመግለጽ አማርኛ ያለው ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ከ«ኢስት» ይልቅ አፍ ላይ ይቀላል።

ይህን ሲሉ አንገት መድፋት የለብዎትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 በማኅበር የመደራጀት መብትን ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይደነግጋል። አዋጁ ራሱ የሚጠቀመውም «የሠራተኛ ማኅበር» የሚለውን ነው። ማመልከቻ ሲጽፉ ይህንኑ ይጻፉ፤ «ዩኒየን» ለቡናው ይቆይ።