ከጽሕፈት ቤቱ፣ ከማይክሮፋይናንሱና ከፕሮጀክቱ ጋር እንፈራረም ወይ? ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቡታጅራ ላይ አምስት ሆናችሁ ባልትና ትሠራላችሁ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ። አሁን የከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሼድ፣ ማይክሮፋይናንሱ ብድር፣ አንድ ፕሮጀክት ደግሞ ሥልጠናና የማሽን ሊዝ (ማሽኑን እየተጠቀሙ ዋጋውን ቀስ በቀስ መክፈል) እናመቻች ብለዋችኋል። ሁሉም በአንድ ሰነድ ይፈራረማሉ። "እንግባ ወይስ በያዝነው እንቀጥል?" ነው ያልሽው። እኔ ሐዋሳ ላይ በዚሁ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ትብብር ሲያሳድግም ሲበትንም አይቻለሁ።

ግቡበት። ግን ሰነዱ ውስጥ ገዢ ከሌለ አትፈርሙ።

ሼድ ሰጪውም፣ አበዳሪውም፣ አሠልጣኙም እንድታመርቱ ነው የሚያግዙት። ያመረታችሁትን ማን ይወስዳል የሚለው ግን "የገበያ ትስስር ይፈጠራል" በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። የኮንዶሚኒየም ግንባታ የተጧጧፈበትን ጊዜ አስታውሺ። በርና መስኮት የሚሠሩ፣ ብሎኬት የሚያመርቱ ስንት ማህበራት ነበሩ! ትስስሩ እውነተኛ ነበር፤ ሥራም ገንዘብም አገኙ። ብዙዎቹ ግን ከቤቶች ግንባታው ሌላ ደንበኛ አልነበራቸውም። ግንባታው ሲቀዛቀዝ ማሽን ይዘው ሥራ ፈቱ። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ገዢ በስም ይጻፍ፦ ለምሳሌ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማህበርና አንድ የተቋም ካፌ። በወር ስንት ኪሎ እንደሚወስዱና በስንት ቀን እንደሚከፍሉም አብሮ ይጻፍ። ዕቃ ወስዶ ክፍያ የሚያዘገይ ትልቅ ገዢ ትንሽ ማህበርን ያደርቃል።

ቀጥሎ የብድሩን ወር ተነጋገሩበት። ይሄ ነገር ብዙ ሰው አይታየውም፤ ለእኛ ሙያ ግን ዋናው እሱ ነው። በርበሬ የሚረክሰው ምርት በሚገባበት በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ነው። እናንተ ደግሞ በበርበሬ የታወቀው ማረቆ አፍንጫችሁ ሥር ነው ያለው። የዓመቱን በርበሬ ያኔ የገዛ ያተርፋል፤ ክረምት ላይ የሚገዛ ከነጋዴ ላይ በውድ ይገዛል። ሽሮና በርበሬ በደንብ የሚሸጠው ደግሞ ከዐቢይ ጾም ጀምሮ እስከ ፋሲካ ነው። ሚያዝያ ላይ የተለቀቀ ብድር ወለድ ይቆጥራል እንጂ በርበሬ አይገዛም። እኛ አንድ ዓመት "በጀት አልተለቀቀም" እየተባልን ወቅቱ አልፎብን በጣም ተጎድተናል። ስለዚህ "ብድሩ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይለቀቃል" የሚል ቃል በጽሑፍ ጠይቁ። ዋስትና ቢያስቸግራችሁ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በመያዣነት ማስያዝ ይፈቅዳል። መጋዘን ያለ በርበሬም፣ ማሽንም ይሆናል። አበዳሪው ይቀበል እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቁት።

ማሽኑን በተመለከተ፣ በሊዝ ሲሆን የተለመደው አሠራር 20 በመቶውን እናንተ ታዋጣላችሁ፣ 80 በመቶውን አከራዩ ይሸፍናል። ከፍላችሁ እስክትጨርሱ ማሽኑ የእሱ ነው። ቤት ማስያዝ ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ እኔም የቆምኩት በእሱ ነው። ነገር ግን የእኛ ወፍጮ ሲመጣ የተሰጠን ሼድ ስሪ ፌዝ መብራት (ትልቅ ማሽን የሚያንቀሳቅስ የኤሌክትሪክ መስመር) አልነበረውም። ሼዱን የሰጠው አንድ ቢሮ፣ ማሽኑን ያመጣው ሌላ፣ መብራቱ የሦስተኛ ወገን። ሁሉም የየድርሻውን ተወጥቷል፤ ማሽኑ ግን ቆሞ ነበር። የሊዙ ክፍያ ደግሞ መብራት እስኪገባ አልጠበቀንም። እናንተ የመብራት ቆጣሪው ሳይገባ ማሽን አትረከቡ። የክፍያው መጀመሪያም ማሽኑ ሥራ ከጀመረበት ቀን እንዲቆጠር ተደራደሩ።

ስለ ሥልጠናው ብዙ አልልም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ አሠልጣኝ ሼዳችሁ ድረስ እየመጣ የሚያግዛችሁ ከሆነ ከአዳራሽ ሥልጠና ይበልጣል። ካይዘን የሚባለው፣ አሠራርን ቀስ በቀስ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴም ለባልትና ይጠቅማል፤ በተለይ ብክነትን ለመቀነስ።

ፕሮጀክቱን ግን አንድ ነገር ጠይቁት፤ እኔን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ገንዘቡን ለእናንተ ብቻ ከሚያፈስ በርበሬ አምራቾቹን ገበሬዎች ያካትት። መሬት ላይ የደረቀ፣ ወይም ሚዛን እንዲያነሳ ውኃ የተረጨበት በርበሬ ይሻግታል። ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ደግሞ ተፈጭቶም፣ ተቀቅሎም በቀላሉ አይለቅም። ሰው የሚበላው ነገር ስለሆነ በዚህ ቀልድ የለም። ወደ ውጭ መላክ ካሰባችሁም የአውሮፓ ገበያ በጥብቅ ከሚመረምራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እኛ ዘንድ ፕሮጀክቱ ለገበሬዎቹ የማድረቂያ አልጋ ሠራ። የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማህበር ጥራቱን ለይቶ ሰበሰበ፣ እኛ ከገበያ ዋጋ ትንሽ ጨምረን ገዛን። ፕሮጀክቱ ጨርሶ ሲወጣ እኛና ገበሬዎቹ ቀጠልን፤ ምክንያቱም ሁለታችንም ትርፍ ነበረን። ገበሬው ልጁን ያስተምርበታል፣ እኛ ሴቶች እንቀጥርበታለን፣ ብሩ እዚያው አካባቢ ይዞራል። ለአንድ አካባቢ ልማት ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትዘገዩ አጣሩ። የንግድ ምዝገባችሁ ኅብረት ሽርክና ነው ወይስ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር? ብዙ ማህበር በጥቃቅን ሲደራጅ ኅብረት ሽርክና ብሎ ይመዘገባል። ያ ከሆነ ለማህበሩ ዕዳ እያንዳንዳችሁ በግል ንብረታችሁ ጭምር ትጠየቃላችሁ። ሁለቱ ጥለው ቢሄዱ ዕዳው የቀሩት ሦስቱ ላይ ይወድቃል። ከመፈረማችሁ በፊት አምስታችሁ ተቀምጣችሁ፣ የሚወጣ ሰው ድርሻውንና ዕዳውን እንዴት እንደሚያወራርድ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ጻፉ። አበዳሪው የቡድን ዋስትና ከጠየቀም ለባሎቻችሁና ለቤተሰብ ቀድማችሁ ንገሩ።

ረቂቁ እጅሽ ካለ ስማችሁንና የባንክ ቁጥራችሁን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው፤ የሊዙንና የብድሩን አንቀጽ አብረን እናየዋለን።