«ማይ ኦልድ ቦስ» ብል አለቃዬን ሰደብኩት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ እየጻፍኩ ስለ ቀድሞ አለቃዬ ለመናገር «ማይ ኦልድ ቦስ» አልኩ። ባልደረባዬ አየና «ሰውዬውን እኮ አሮጌ አልሽው!» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቃል መፍራት ጀመርኩ። 70 ዓመት ያለፋትን እናቴን «ኤልደርሊ» ነው ወይስ «ኤጅድ» የምላት? ታላቅ እህቴስ «ኦልደር» ናት ወይስ «ኤልደር»? ደግሞ «አይ አም ትዌንቲ ሰቨን ዪርስ» ስል አንዷ አረመችኝ፤ ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ «ጋሼ» መባሌን በደስታ ተቀብያለሁ፣ ሽበቴን ግን ከየት አየሽው? ለማንኛውም ይቺን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ እንዳትሞክሪ። «ኦልድ ማን» ካልሽኝ ተጣላን።

ባልደረባሽ ለመሳቅ ቸኩሏል። አልተሳሳትሽም። እኛ ለዕቃው አሮጌ፣ ለሰው ሽማግሌና አሮጊት፣ ለጓደኛ የድሮ፣ ከሥራው ለተለየነው አለቃ ደግሞ የቀድሞ እያልን ለየብቻ የያዝነውን ሁሉ እንግሊዝኛ በአንዲት «ኦልድ» ላይ ጭኖታል። «አን ኦልድ ፍሬንድ» ያልሽው ሰው 25 ዓመቱ ሊሆን ይችላል፤ ያረጀው ጓደኝነቱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። «ማይ ፍሬንድ ኢዝ ኦልድ» ካልሽ ግን አለቀ፣ ልጁን ሽማግሌ አደረግሽው። ልዩነቱ የቃሉ ቦታ ነው። ከስም በፊት ሲመጣ የድሮም፣ የቀድሞም፣ ያረጀም ሊሆን ይችላል። ከ«ኢዝ» በኋላ ሲመጣ ግን ስለ ሰው ከሆነ ዕድሜውን ነው የሚናገረው። በወሬ መሀል «ማይ ኦልድ ቦስ» ምንም አይልም። ለማመልከቻ ግን «ማይ ፎርመር ቦስ» በይ፣ ማንም አይደናገርም።

ወደ እናትሽ እንምጣ። እኛ «አረጋዊት» ስንል ክብሩ ከቃሉ ጋር አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ብዙዎቻችን «ኤልደርሊ»ም እንደዚያው ይመስለናል። ድሮ ለጨዋነት የሚመረጥ ቃል ነበር፣ እውነት ነው። ዛሬ ግን ብዙ ሰዎች ሲሰሙት የሚታያቸው የደከመና ሰው የሚደግፈው ሰው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 ኦክቶበር 1ን የአረጋውያን ቀን ብሎ ሲሰይም በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ «ኤልደርሊ» ነበረበት። አሁን «ኦልደር ፐርሰንስ» ነው የሚባለው።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። ሰዋስው ሲያስተምሩን «ኦልደር» ከ«ኦልድ» ይበልጣል ተብለናል አይደል? ስለ ሰው ሲወራ ግን ነገሩ ይገለበጣል። «አን ኦልደር ዉማን» ስትባል የምትታይሽ ሴት «አን ኦልድ ዉማን» ከተባለችው በዕድሜ ታንሳለች። ከማን ትበልጣለች? አልተነገረም፤ የሚያለሰልሰውም ይኸው ሳይነገር መቅረቱ ነው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ግን ሁሉንም ትቼ «ማይ መዘር ኢዝ ኢን ኸር ሰቨንቲስ» እላለሁ። በሰባዎቹ ውስጥ ናት፣ በቃ።

«ኤጅድ»ን ተጠንቀቂ፣ አንባቢ የሚያሳስት ቃል ነው። ከኋላው ቁጥር ካለ፣ ለምሳሌ «ኤጅድ ሰቨንቲ»፣ በአንድ ትንፋሽ «ኤይጅድ» ይባላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ለማለት ከሆነ ግን «ኤይ-ጂድ» ተብሎ ለሁለት ይሰበራል። በአንድ ትንፋሽ ብለሽ ከሰው ፊት ካስቀመጥሽው ሰውየውን እንደ ከረመ አይብ አደረግሽው፤ ለአይብና ለወይን የሚባለው እንደዚያ ነዋ።

እህትሽ ሁለቱንም ናት። «ማይ ኤልደር ሲስተር» ትንሽ ደርበብ ያለ፣ «ማይ ኦልደር ሲስተር» የዕለት ተዕለት አነጋገር ነው። ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች ለማለት ግን «ሺ ኢዝ ቱ ዪርስ ኦልደር ዛን ሚ» ብቻ ነው የሚያስኬደው። «ኤልደር ዛን» የሚባል የለም።

ስለ 27ቱ፣ ወይ «አይ አም ትዌንቲ ሰቨን» ብለሽ አቁሚ፣ ወይ «ዪርስ» ካልሽ «ኦልድ»ን አስከትዪ። አሮጌ ነኝ ያልሽ እንዳይመስልሽ፣ አንድ ዓመት የሞላው ሕፃንም «ዋን ዪር ኦልድ» ነው። ከስም በፊት ከገባ ደግሞ «አ ትዌንቲ ሰቨን ዪር ኦልድ ዉማን» ይሆናል፤ የ«ዪርስ» መጨረሻ ይወድቃል። ይቺን እኔም ስቸኩል እስታለሁ።

ሳትጠይቂኝ አንድ ልጨምር። ዕቃ ሲሆን የደረቀ ዳቦ «ስቴል» ነው፣ ያገለገለ መኪና «ዩዝድ» ነው። «ኤንሸንት» እና «አንቲክ»ን ሁለቱንም ጥንታዊ ብለን ስለምንተረጉም እናምታታቸዋለን። «ኤንሸንት» ለጥንት ሥልጣኔ ነው። «አንቲክ» በዕድሜው ብዛት ዋጋ ያገኘ ዕቃ ነው፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ለምሳሌ ከ100 ዓመት በላይ ይጠይቃል። ሁለቱንም ለሰው ካልሽ ማሾፍሽ ነው።

ማመልከቻው ካልተላከ «ፎርመር» ብለሽ አስተካክለሽ ላኪው። ያንን ባልደረባሽን ደግሞ ነገ «ማይ ኦልድ ፍሬንድ» በይውና ፊቱን እዪልኝ።