ስለ ጀርም ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት፦ መልሶቼ ከባሕር ዳር

ትናንት ማታ «ስለ ጀርም የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የምውል ሰው ነኝ። ጥያቄው ጎርፍ ሆኖ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ከሽምብጥ ነኝ። ልጄ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ቤቱን በየቀኑ በበረኪና አጥባለሁ። ጀርም ጨርሶ የሚጠፋው በምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጨርሶ አይጠፋም፤ መጥፋትም የለበትም። በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ የጠቀስኩት በፈረንጆች ነው) የወጣ ስሌት በአንድ ትልቅ ሰው ሰውነት ላይ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ እንዳለ ይገምታል፤ አብዛኛው አንጀት ውስጥ ነው። ምግብ በመፍጨት ያግዙናል፣ ቫይታሚን ኬ ያመርቱልናል፣ ለክፉዎቹም ቦታ አይለቁም። ቁም ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት ገባ የሚለው ነው። አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖረው ኢኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ሽንት ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል። ስለዚህ ወለሉን ተይውና ከሽንት ቤት የመጣ እጅ፣ ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያና የልጁ ጡጦ ላይ በርቺ። በረኪናን ደግሞ ከአሲድ ጋር እንዳትቀላቅዪው፤ ጋዙ ሳንባ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ እኛ እኮ ሳንታጠብ በልተን አናውቅም። ታዲያ ተቅማጡ ከየት መጣ?

መልስ፦ ልብ ብላችሁ እዩ። ከምግብ በፊት ማስታጠቢያው ይመጣል፣ ውሃ ጠብ ጠብ ይደረጋል፣ ጣት ከጣት ይነካካና አለቀ። ከበላን በኋላ ግን ወጡ ቅባት ስላለው በሳሙና እንፈትጋለን። ተገላቢጦሽ ነው! ሳሙናው የሚያስፈልገው በፊት ነው፤ 20 ሰከንድ ያህል፣ አውራ ጣትና የጥፍር ሥር ሳይረሳ። በ1847 ቪየና ውስጥ ሴመልዌይስ የሚባል ሐኪም፣ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው እናቶችን ለማዋለድ የሚገቡ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያደርግ የወላዶች ሞት በጣም ቀነሰ። ያኔ ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ እንኳ ገና አልታወቀም። የምታጎርሱ ሰዎችም አስቡበት፤ የምትታጠቡት ለሚጎርሰውም ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የእንጀራ እርሾም ጀርም ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ የምኮራበት ጀርም! አንድ ቀን ከእናቴ ቡሃቃ አናት ላይ ካቀረረው ቢጫ ውሃ ጠብታ ወስጄ ማይክሮስኮፕ ሥር አየሁት። እንቁላል የመሰሉ የእርሾ ሴሎች፣ አንዳንዱ ከጎኑ ትንሽ ቡቃያ አውጥቶ፣ በመካከላቸው በትር የመሰሉ ባክቴሪያዎች። ኮምጣጣነቱ ከባክቴሪያው አሲድ ነው፤ ለእንጀራው ዓይን የሚያወጣለት ደግሞ ጋዙ ነው። አሲዱ ብዙ መጥፎ ጀርሞችን ያፍናል። እርጎ ላይ ግን ይህን አትመኑ። ላም የሚያስወርደው ባክቴሪያ፣ ብሩሴላ፣ በመኮምጠጥ ብቻ ላይሞት ይችላል። መጀመሪያ ወተቱን አፍሉት፤ ለብ ሲል ትንሽ እርጎ ጣል አድርጉበት። የሻገተ እንጀራ ደግሞ ይጣል። የሻጋታው ክር ዓይን ከሚያየው አልፎ ይገባል።

ጥያቄ፦ ዘጌ ነው የምኖር። ታንኳ እቀዝፋለሁ፣ እግሬ ከጣና አይወጣም። ቢልሃርዚያን እንዴት ልሽሸው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ከሁሉም አሳሰበኝ። ቢልሃርዚያ በእርግጥ ጀርም ሳይሆን ትል ነው፤ ግን ሰውነት ውስጥ የሚገባው ገና ደቃቅ እጭ ሳለ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ሐይቁ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ተባዝቶ ይወጣና የሰው ቆዳ ይበሳል። ለዚያውም በደቂቃዎች ውስጥ! ቀንድ አውጣው ቄጠማና ደንገል ያለበትን ጥልቀት የሌለው ዳር ይወዳል። እጩ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ ከረፋድ እስከ እኩለ ቀን ነው። ስለዚህ ታንኳውን ሲገፉ ቦት ጫማ ያድርጉ። የመታጠቢያ ውሃ ቀድተው ሁለት ቀን ቢያሳድሩት እጩ ይሞታል። ሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ሰገራ ካለ የሰገራ ምርመራ ያድርጉ። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያድናል፤ ተመልሰው ከገቡበት ግን እንደገና ይይዛል። ሲቆይ ጉበት ይጎዳልና እባክዎ አይተዉት።

ጥያቄ፦ ጨጓራዬን የሚያቃጥለኝ በርበሬ ነው ወይስ ባክቴሪያ?

መልስ፦ በርበሬ ሊያባብሰው ይችላል፤ የብዙ ሰው የጨጓራ ቁስል ግን መነሻው ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው። አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም ሲባል፣ ባሪ ማርሻል የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣውና ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ሕክምናው አሲድ መቀነሻ ከአንቲባዮቲኮች ጋር ነው፤ ብዙ ጊዜ 14 ቀን። አምስተኛው ቀን ላይ ቀለል ሲላችሁ አታቋርጡ። የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ልውሰድ?

መልስ፦ አትውሰድ። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ ባክቴሪያ የሚገድለው አሞክሳሲሊን አይነካውም። የሚነካው አንጀትህ ውስጥ ያሉትን ደጎቹን ነው።

ጥያቄ፦ ስልክስ በምን ይጸዳል?

መልስ፦ አጥፋውና 70 በመቶ አልኮል ባረጠብከው ለስላሳ ጨርቅ ወልውለው። ሽንት ቤት ደግሞ ይዘኸው አትግባ።