ኮርቻ ሲቀርብ ጆሮውን የሚያስተኛ ፈረስ

ጥያቄ፦ ፈረስ ኖሮኝ አያውቅም። ዘንድሮ አንድ ገዝቼ ድንች ወደ ገበያ ላመላልስበት፣ ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ በፈረሰኞች በዓል ልጋልብበት አስቤያለሁ። ያየሁት ዳማ ነው፤ መልኩ ያምራል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ቀነስ ይላል። ትንሽ ከስቷል። ኮርቻ ሊጭኑበት ሲሉ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ሊነክስም ይቃጣል። ባለቤቱ «ገና ልጅ ነው፣ አልተገራም» ይላል። ልግዛው? (ከባንጃ ወረዳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ መልኩና ስለ ዋጋው ነግረኸኛል፤ ስለ ጀርባው ግን ምንም አላልክም። ኮርቻው ሲወርድ ያየኸው አይመስለኝም። ያልተገራ ፈረስ ሰው ሲቀርበው ይደነብራል፣ ልጓም እንቢ ይላል፣ ይራገጣል። እንዲሁ ሲቆም ሰላም ሆኖ ኮርቻ ሲያይ ብቻ የሚቆጣ ፈረስ ግን ኮርቻ ምን እንዳደረሰበት ያውቃል። የሆድ ትልም፣ የጥርስ ችግርም ያከሳል። የእኔ ግምት ግን ፈረሱ ገጣባ ነው፣ ጀርባው በኮርቻ ቆስሏል፤ ዋጋውም የወረደው በዚሁ ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ኮርቻውንም ግላሱንም አስወርድ። ከጋማው መጨረሻ ጀምረህ እስከ ወገቡ ድረስ በአከርካሪው ግራና ቀኝ በመዳፍህ ቀስ ብለህ ጫን ጫን አድርግ። ጀርባውን ዝቅ አድርጎ የሚሸሽበት ቦታ ካለ ያመዋል። በዳማው መካከል ነጭ ፀጉር ካየህ የዳነ ቁስል ነው፣ ለብቻው አያስፈራም። ከላይ የተላጠ ቆዳ ዕረፍት ካገኘ ይድናል። ጋማው የሚያልቅበት ከፍ ያለ አጥንት ላይ እብጠት ወይም መግል የሚያፈስ ቀዳዳ ካለ ግን ተወው፤ መግሉንም በእጅህ አትንካ፣ ለሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊኖረው ይችላል። አፉንም አስከፍት። የፊት ጥርሶቹ እስከ ጥጎቹ ድረስ ተቀይረው ከሆነ 5 ዓመት ሞልቶታል፤ «ገና ልጅ ነው» የተባለው አያስኬድም። ባለቤቱ ኮርቻ አላወርድም ካለ ሌላ ፈረስ ፈልግ።

ይህንንም ገዛህ ሌላ፣ ከኮርቻው ሥር የሚገባውን መደላድል ካላስተካከልክ ጤነኛውንም ገጣባ ታደርገዋለህ። በየገበያው የማየው አንድ ነገር ያሳዝነኛል። የፈረሱ ጀርባ ሲቆስል ቁስሉ ላይ ጨርቅ ደራርበን ኮርቻውን መልሰን እንጭናለን። ለእንስሳው ያዘንን ይመስለናል፤ ነገር ግን ጫማ ለላጠው እግር ካልሲ እንደ መደራረብ ነው፣ ክብደቱ ይበልጥ ቁስሉ ላይ ያርፋል። እባካችሁ ይህን እንተው። ቁስል የሚያስፈልገው ከላዩ የሚጫነው ነገር እንዲነሣለት ነው።

መደላድሉን ራስህ መሥራት ትችላለህ። አሮጌ የቃጫ ጆንያ ቅደድና እንደ ክንድ የወፈሩ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት ጥቅሎች ስፋ። በጤፍ ጭድ ጠቅጥቀህ ሙላቸው፤ የገብስ ጭድ አታድርግ፣ እንደ ጢም ያለው ሪዙ ጆንያውን አልፎ ይወጋል። የማዳበሪያ ከረጢትም አይሆንም፤ ላስቲኩ ያሞቃል፣ ላብ ያቁራል፣ ይንሸራተታል። ከዚያ ሁለቱን ጥቅሎች ከፊትና ከኋላ በጨርቅ መቀነት አያይዛቸው፤ በመካከላቸው አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ተው። አከርካሪው የሚያልፈው በዚያ ክፍተት ነው፤ ጭነቱ የሚያርፈው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ይሆናል። ከሥሩ ታጥቦ የደረቀ፣ ስፌትና እጥፋት የሌለው የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ አንጥፍ።

ኮርቻውን ጭነህ ጠፍሩን ካጠበቅህ በኋላ ከኋላው ቁምና ተመልከት፤ በአከርካሪው ላይ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር መታየት አለበት። ሰው ከተቀመጠበት በኋላም ከፊት በኩል፣ ከፍ ባለው አጥንት ላይ ሦስት ጣትህ ሳይጨናነቅ ይግባ። ካልገባ ጭድ ጨምር። ከመንገድ ስትመለስ ኮርቻውን አንሣና ላቡን እይ፤ ከአከርካሪው ግራ ወይም ቀኝ፣ በረጠበው መካከል ደረቅ ቦታ ካገኘህ ኮርቻው እዚያ ላይ እየተጫነ ነው፤ ቁስል የሚጀምረው በዚያ ነው። ጭድ ከጊዜ ጋር ይሟሽሻል፣ ስለዚህ ጥቅሉ ሲሳሳ እንደገና ሙላው። ገበያ ስትደርስም ጭነቱንና ኮርቻውን አውርድ፤ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ተጭኖ መቆም የለበትም።

ቁስሉ ቀላል ሆኖ ከገዛኸው፣ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሟና በየቀኑ እጠበው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀባው። ፀጉር እስኪሸፍነው ድረስ ኮርቻም ድንችም አይነካው፤ ይህ ሳምንታት ይወስዳል፣ እስከ ጥር 23 ካልዳነ ዘንድሮ አትጋልብበት። ሲድን ድንቹን ከ50 ኪሎ ሳታሳልፍ ግራና ቀኙን እኩል አድርገህ ጫን። ኩንታል የአገራችን ፈረስ ጭነት አይደለም።

ከገዛኸው በኋላ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰደውና የትል መድኃኒት እንዲሰጡት አድርግ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ክትባት መቼ እንደሚሰጥም ጠይቅ። በሽታውን የሚያዛምቱት ጥቃቅን ትንኞች ናቸው፣ ክረምቱ ሲወጣ ይበረታሉ፤ ክትባቱ ከዚያ በፊት መሰጠት አለበት።