«ዘመድ አይከስም» ብለሽ ያለ ኢንሹራንስ ልጅ አትያዢ

ጥያቄ፦ የምኖረው ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ከሥራ ስመለስና ቅዳሜና እሁድ የሁለት ጓደኞቼን ልጆች እይዛለሁ። አሁን ሆቴሉን ትቼ ቤቴ ውስጥ ዴይኬር ልከፍት አስቤያለሁ። ቤቱ የኪራይ ታውንሀውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ነው። ላይሰንስ እንደሚያስፈልግ ገብቶኛል። ኢንሹራንሱን ግን ሰው ሁሉ «ገንዘብ ማባከን ነው» ይለኛል። ልጆቹ የሚመጡት ከቤተክርስቲያን ሰዎች ነው፤ ማን ይከሰኛል? አንዷ ጓደኛዬ «ወላጆቹን አንከስም ብለው እንዲፈርሙ አድርጊ» አለችኝ። ሌላዋ «ኤልኤልሲ (ንግዱን ከግል ንብረትሽ የሚለይ ድርጅት) ካወጣሽ ይበቃል» ትላለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይሰንሱም ከቤቱ ዝግጅትም በፊት «ማን ይከሰኛል?» ያልሽውን እንመልስ። ሌላው ሁሉ የሚያያዘው ከሱ ጋር ነው።

ልጁ ራሱ ሊከስሽ ይችላል። ቤትሽ ውስጥ ልጅ ቢጎዳ የካሳ መብቱ የልጁ ነው። እናትና አባቱ የቅርብ ወዳጆችሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቄሱ ገብተው፣ «እግዜር ያመጣው ነው» ተባብላችሁ ልትታረቁ ትችላላችሁ። እርቁ በእናንተ መካከል ያለውን ቅያሜ ይፈታል፤ የልጁን መብት ግን አይዘጋም። በቨርጂኒያ አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ የሚደረግ የካሳ ስምምነት የሚጸናው ፍርድ ቤት አይቶ ሲያጸድቀው ነው። የአካል ጉዳት ክስ የሚቀርብበት የ2 ዓመት ጊዜም ለልጅ መቆጠር የሚጀምረው 18 ዓመት ሲሞላው ነው። ዛሬ የ2 ዓመት ልጅ ቤትሽ ውስጥ እሳት ቢያቃጥለው፣ 20 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጉዳዩ ክፍት ነው ማለት ነው። ያኔ ወላጆቹ የት እንደሚሆኑ፣ ከአንቺ ጋር እንዴት እንደሚሆኑ ማን ያውቃል?

ከሳሹ ሁልጊዜ የምታውቂው ሰውም አይሆንም። ልጁ ሆስፒታል ሲገባ ወጪውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና ዋስትና) ወይም የወላጁ አሠሪ የሚሰጠው የጤና ዋስትና ነው። ሜዲኬይድና አሠሪው በራሱ ገንዘብ የሚሸፍናቸው ዋስትናዎች ያወጡትን ገንዘብ ለጉዳቱ ተጠያቂ ከሆነው ሰው መልሰው ለማግኘት መብት አላቸው። እናቲቱ ዘንድ «አደጋው የት ደረሰ? በማን እጅ ነበር?» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። እሷ እውነቱን ትጽፋለች። አንቺን ለመጉዳት ብላ አይደለም፤ መዋሸት ስለማትችል ነው።

«እኔ እኮ አትንካ ብዬው ነበር» የሚለውም አያድንሽም። በቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ዘንድ ከ7 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በራሱ ጥፋት ተጎዳ ተብሎ ካሳ አይከለከልም። የአንቺ ደንበኞች ደግሞ አብዛኞቹ ከ7 በታች ናቸው።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ ምክር እንምጣ። «አንከስም» የሚለው ወረቀት ቨርጂኒያ ውስጥ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1992 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ሰጥቷል። ጉዳዩ የተነሣው ከአንቺ ሰፈር ብዙም ከማይርቀው ከሌክ ባርክሮፍት ነው። አንድ ሰው እዚያ በተደረገ የትራያትሎን (የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ) ውድድር ላይ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ክፉኛ ተጎዳ። ከውድድሩ በፊት «አልከስም» ብሎ ፈርሞ ነበር። ፍርድ ቤቱ አደጋ ከመድረሱ በፊት የሚፈረም እንዲህ ያለ ወረቀት ለአካል ጉዳት አይሠራም አለ። አዋቂ ሰው ስለ ራሱ የፈረመው ካልጸና፣ ወላጅ ስለ ልጁ የፈረመው ምን ያህል እንደሚያስተማምንሽ አስቢው።

ኤልኤልሲውም ቢሆን ለዚህ ነገር አይሆንም። ለሌላ ነገር ጥሩ ነው፤ ለንግዱ ዕዳና ውል ይጠቅማል። ልጁን በእጅሽ የምትይዢው ግን አንቺ ነሽ። በአንቺ ቸልተኝነት የደረሰ ጉዳት የኤልኤልሲው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አንቺንም በስምሽ ያስጠይቅሻል። ኤልኤልሲ ካወጣሽ ኢንሹራንሱ ላይ የአንቺም የድርጅቱም ስም መግባቱን አረጋግጪ። አንዱ ከቀረ ችግር ይፈጠራል።

«ሪንተርስ ኢንሹራንስ አለኝ» ትይኝ ይሆናል። የተለመደው የተከራይ ወይም የቤት ባለቤት ኢንሹራንስ በቤት ውስጥ የሚሠራ ንግድ የሚያስከትለውን ተጠያቂነት አይሸፍንም። ገንዘብ ተቀብለሽ የሰው ልጅ በመደበኛነት ስትይዢ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ንግድ ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ጥቂት ልጆችን ብቻ የሚሸፍን ተጨማሪ ውል ይሸጣሉ፤ ልጆቹ ሲበዙ እሱም አይበቃም። ይባስ ብሎ ዴይኬር መክፈትሽን ሳትነግሪያቸው ቤቱ ቢቃጠል፣ የራስሽ ንብረት ካሳም ጥያቄ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ለቤት ውስጥ ዴይኬር ተብሎ የተዘጋጀ የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ነው። በዚህ ሥራ የተለመደው ሽፋን ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዋጋው እንደ ልጆቹ ብዛትና እንደ ቤቱ ሁኔታ ይለያያል፤ በትንሽ ዴይኬር ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት የሚቆጠረው በመቶዎች ነው። የንግድ ወጪ ስለሆነም ታክስ ስትሠሪ ስኬጁል ሲ በሚባለው የግል ንግድ ቅጽ ላይ ይቀነስልሻል።

ኤጀንቱ ጋ ስትሄጂ ርካሹን ብቻ አትጠይቂ። መጀመሪያ «ይሄ ኦከረንስ ነው ወይስ ክሌምስ ሜድ?» በዪው። ኦከረንስ የሚባለው፣ አደጋው የደረሰው ውሉ በሚሠራበት ዘመን ከሆነ ክሱ ከ10 ዓመት በኋላም ቢመጣ ይሸፍናል። ክሌምስ ሜድ ግን ክሱ ሲመጣ ውሉ በሥራ ላይ እንዲሆን ይፈልጋል። ዴይኬሩን ዘግተሽ ክፍያ ካቆምሽ በኋላ ክስ ቢመጣ ባዶ እጅሽን ልትቀሪ ትችያለሽ። ልጅ እስከ 20 ዓመቱ ሊከስ በሚችልበት ግዛት ኦከረንሱን ምረጪ። ጥቂት ብር ቢጨምርም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ቀጥለሽ በልጅ ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚመለከተውን ሽፋን ጠይቂ። ይሄን ማንሣት ለእኛ ሰው ከባድ ነው። «እኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር!» ያሰኛል። ግን ቤትሽ የሚገባው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ባልሽ፣ ወንድምሽ፣ ለጊዜው ያረፈ ዘመድ ሁሉ ከልጆቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። የሐሰት ክስ እንኳ ቢመጣ ጠበቃ ያስፈልግሻል፤ የጠበቃ ወጪ ብቻውን ቤት ያፈርሳል። ብዙ ውሎች ይህን ጨርሰው ያወጡታል ወይም ትንሽ ገንዘብ ብቻ ይመድቡለታል። ቁጥሩን በጽሑፍ አሳየኝ በይ።

መኪናም አለ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታመጪ ከሆነ የዴይኬሩ ኢንሹራንስ የመኪና አደጋን አይሸፍንም። ለመኪናሽ ኢንሹራንስ ኩባንያ ተናገሪ፤ መልሳቸውንም በጽሑፍ ያዢ። በቨርጂኒያ ልጅ 8 ዓመት እስኪሞላው በመኪና የልጅ መቀመጫ መታሰር አለበት። ከ2 ዓመት በታች ያለው ደግሞ፣ ወደ ፊት ለሚዞረው መቀመጫ የሚፈቀደው ክብደት ላይ ካልደረሰ በቀር፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። እኔ ብሆን መጀመሪያው ዓመት ላይ ልጅ በመኪና ማመላለስ የሚባል ነገር ውስጥ አልገባም።

ከሁሉም በላይ በውሉ ላይ ከተጻፈው የልጅ ቁጥር አትለፊ። «ዛሬ ብቻ ያዢልኝ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። በዚያች ዕለት አደጋ ቢደርስ ኩባንያው ቁጥሩን አንሥቶ አልከፍልም ሊል ይችላል።

ኢንሹራንስ ግን ገንዘብ ይከፍላል እንጂ የተቃጠለ እጅ አይመልስም። ስለዚህ ቤትሽን በአበሻ ዓይን ሳይሆን በ1 ዓመት ልጅ ቁመት እይው። ለላይሰንሱ ቤትሽን የምታየው ተቆጣጣሪ የመድኃኒት ሳጥን፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ የደረጃ በር፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ ታያለች። የእኛን ቤት አደጋ ግን ከእሷ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቡና ዋናው ነው። ረከቦቱ ወለል ላይ፣ ጀበናው የፈላ፣ ልጁ የሚድህ። ልጆች ባሉበት ሰዓት ቡና ወለል ላይ አይፈላም፤ እንግዳ ቢመጣም አይፈላም። ከሰል ደግሞ ቤት ውስጥ በጭራሽ አታንጂ፤ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ሕፃንን ቀድሞ ነው የሚጥለው። ምጣድ የምትጥጂውም ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ይሁን። ምጣዱ ከተነቀለ በኋላም ረጅም ሰዓት እንደጋለ ይቆያል፤ ገመዱም ወደ ታች ከተንጠለጠለ ልጅ ይስበዋል።

ቆሎና ኦቾሎኒ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም። ፈንዲሻም እንደዚያው። ወይን ለርዝመቱ ይሰነጠቃል። 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር በጣት እንኳ አታስልሺ፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው ባክቴሪያ የሕፃኑን ጡንቻ የሚያዝል ከባድ በሽታ ያመጣል። ልጁ ሲያስነጥስ ዳማከሴ ማሽተት፣ ጤና አዳም በሻይ መስጠት ለራስሽ ልጅ የምታደርጊው ነው። የሰው ልጅ ላይ ግን ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ምንም መድኃኒት፣ የባህሉም ቢሆን፣ አትስጪ።

እንቅልፍ ላይ በጣም እንድትጠነቅቂ እለምንሻለሁ። ሕፃን በጀርባው፣ ብቻውን፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ ይተኛል። ጋቢ የለም፣ ትራስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም። «ይበርደዋል» ብለው የሚቆጡ አያቶች ይኖራሉ፤ ወፍራም የሌሊት ልብስ አልብሺው እንጂ ብርድ ልብስ አትደርቢበት። ሶፋ ላይ አይተኛም፣ አዝለሽው ካሸለበም አውርደሽ አልጋው ላይ አስተኚው። አልጋውንም ከዘመድ አትውረሺ። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተተው አሮጌው ዓይነት ሕፃናትን ስለገደለ ታግዷል። በቤት ውስጥ ዴይኬር የሚገኙ የሕፃን አልጋዎችም ከዲሴምበር 2012 ማብቂያ ጀምሮ አዲሱን የፌዴራል ደረጃ ማሟላት አለባቸው።

የመርዝ መረጃ ማእከሉን ስልክ ፍሪጅሽ ላይ ለጥፊ፤ 1-800-222-1222፣ ሌት ተቀን ይሠራል። ትንሽ ጭረት እንኳ ብትሆን በዕለቱ ጻፊያት፤ ሰዓቱን፣ የሆነውን፣ ያደረግሽውን። ወላጅ ሲመጣ አስፈርሚ። ከዓመታት በኋላ ጥያቄ ቢመጣ የሚናገርልሽ ያ ደብተር ነው።

ስለ ላይሰንሱ ባጭሩ። ስፕሪንግፊልድ ባለበት በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ እስከ 4 የሌላ ሰው ልጆች ለመያዝ የካውንቲው ፈቃድ ያስፈልጋል። ከ5 እስከ 12 ከሆነ የግዛቲቱ ላይሰንስ ነው፤ እሱን የሚሰጠው ከ2021 ወዲህ የቨርጂኒያ ትምህርት መሥሪያ ቤት ነው። ቁጥሩ በነጥብም ይገደባል። አንድ ተንከባካቢ ከ16 ነጥብ አይበልጥም። እስከ 15 ወር ያለ ሕፃን 4 ነጥብ፣ እስከ 23 ወር ያለው 3፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው 2 ይይዛል። አራት ሕፃናት ብቻ ነጥብሽን ይሞሉታል። የሕፃን ክፍያ ከፍ ያለ መሆኑን አይተሽ ብቻ አትወስኚ። ቤትሽ ያለ 18 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ አሻራ ይሰጣል። ታውንሀውስ ስለሆነም የካውንቲውን የዞኒንግ (በየቦታው ምን ዓይነት ሥራ እንደሚፈቀድ የሚወስነውን) ክፍል አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ራሱን ችሎ በቆመ ቤት የሚፈቀደው ቁጥር ለታውንሀውስ ላይፈቀድ ይችላል።

አከራይሽን ሳትነግሪ እንዳትጀምሪ። የኪራይ ውልሽን አንብቢ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ብዙ አከራዮች የሚፈሩት እነሱም አብረው እንዳይከሰሱ ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያውን የአከራይሽን ስም በውሉ ላይ እንዲጨምር ጠይቂና ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ። እምቢ ሊል የነበረ አከራይ በዚህ ሲለሰልስ አይቻለሁ።

ረዳት ስትቀጥሪ ዘመድም ብትሆን ደመወዝ በወረቀት ይሁን። ሠራተኞችሽ ከሁለት ከበለጡ በቨርጂኒያ የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ ግዴታ ነው።

ሆቴሉን አሁን አትልቀቂ። ፈቃዱ እስኪወጣ፣ ቢያንስ ሦስት ቤተሰብ ውል እስኪፈርም ቆዪ። የሆቴሉ የጤና ዋስትና ካለሽ እሱን በምን እንደምትተኪውም አስልተሽ ይሁን። ዋጋ ስትቆርጪ የኢንሹራንሱን ዓመታዊ ክፍያ ለ12 ወር አካፍለሽ ወርኃዊ ክፍያው ውስጥ አስገቢው። ለወላጆቹም አትደብቂው፤ «ልጃችሁን የምይዘው በኢንሹራንስ ነው» ስትያቸው የሚከፍሉበት ምክንያት ይገባቸዋል።

አሁን የያዝሻቸውን የሁለቱን ልጆች ነገር ግን እስከዚያ አታሳድሪው። በዚህ ሳምንት ለካውንቲው ደውለሽ ስለ ፈቃዱ ጠይቂ፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ኤጀንቶችም ዋጋ ጠይቂ። ቨርጂኒያ ኢንሹራንስ ያዢ ብላ ባታስገድድሽም፣ ኢንሹራንስ እንዳለሽ ወይም እንደሌለሽ ለወላጅ በጽሑፍ እንድታሳውቂና እንድታስፈርሚ ሕጓ ያዛል። «አለኝ» ለማለትም ሽፋኑ መሥሪያ ቤቱ ከወሰነው ዝቅተኛ መጠን ማነስ የለበትም። ውሉ ከተቋረጠብሽ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ለወላጆቹ ታሳውቂያለሽ። ለሁለቱ ጓደኞችሽ ዛሬ ያንን ወረቀት ብትሰጫቸው የሚጻፍበት «የለም» ነው። ቀጣዩን ልጅ ከመቀበልሽ በፊት ያ ቃል ይቀየር።