ያገለገለው ባለቁልፍ ስልክ ወይስ ሰፊ ስክሪን? (መልስ)
ገላን ላለው የግንባታ ዕቃ መደብርዎ ሊገዙ ያሰቡትን ያገለገለ ባለቁልፍ ስልክ፣ ብላክቤሪ ኪ2ን፣ አይግዙ፤ ሰፋ ያለ ስክሪን ያለው የአንድሮይድ ስልክ ይሻልዎታል። ጣትዎ አጠገቡ ያለውን ፊደል እየነካ የሚልኩት የዋጋ ዝርዝር እንደሚበላሽ ጽፈዋል፤ ሆኖም በኪ2 ቁልፎች ላይ የአማርኛ ፊደል ስላልተቀረጸ ችግርዎ አይቃለልም። ከዚህም በላይ ስልኩ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና ከአሮጌው የአንድሮይድ ስርዓት (8.1) ያላለፈ በመሆኑ፣ የባንክ መተግበሪያ ለሚጠቀም ነጋዴ አይመከርም።

እንዲህ ያድርጉ፦

1. ጂቦርድ (የጉግል ኪቦርድ መተግበሪያ) ላይ አማርኛን ከጨመሩ በኋላ፣ በምርጫዎች ውስጥ የኪቦርዱን ቁመት ከፍ ያድርጉ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል፤ ምናልባትም አሁን በእጅዎ ያለው ስልክ ራሱ ይበቃዎት ይሆናል።

2. ሱቅ ሲሄዱ ሊገዙት ያሰቡትን ስልክ ከነሽፋኑ ይዘው፣ በተለመደው የዋጋ መልእክትዎ በሁለት አውራ ጣት ይሞክሩት። የሽፋኑ ጠርዝ ወፍራም ከሆነ ዳር ያሉትን ፊደላት ለመንካት ያስቸግራል።

3. በየቀኑ የሚደጋገመውን የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በዋትስአፕ ቢዝነስ ፈጣን ምላሾች ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከዚያ በኋላ እዝባሩን (/) ነክተው መምረጥ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ሻጩ ከራሱ ስልክ የአማርኛ ኪቦርድ «ልጫንልዎ» ቢልዎት እሺ አይበሉ፤ ይህ በየሱቁ ያየሁት ልማድ ነው። ኪቦርድ የሚጽፉትን ሁሉ፣ የይለፍ ቃልን ጭምር፣ ማንበብ ስለሚችል ከፕሌይ ስቶር ራስዎ ያውርዱ።