ሁለተኛው ካታላይዘርም ለምን ተቃጠለ?

የጋራዥ ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1995 ስሪት ኮሮላ ናት፤ 1.6 ሊትር ቤንዚን፣ በኮምፒውተር የምትሠራ እንጂ ካርቡራቶር የላትም። ጉልበት እንድታገኝ ብዬ የፋብሪካውን የጭስ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበውን ቱቦ) አስወጥቼ በቱቦ የተበየደ አስገጠምኩ፣ ማርሚታውንም በሰፊ ቀየርኩት። ያኔ ሠራተኛው ጥቂት ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ኢጂአር ቫልቭ በቆርቆሮ ደፈነው። ከሞተሩ ክዳን ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደውን የመተንፈሻ ቱቦም ነቅሎ ሁለቱንም አፍ በቡሎን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አንድ ካታላይዘር (የጭስ ማጽጃው) ቀልጦ ተደፈነብኝ። ከሌላ መኪና የወጣ ገዝቼ ተካሁ፤ እሱም ዓመት ሳይሞላው ዳገት ላይ ጉልበት ያሳጣኝ ጀመር። በቀደም ማታ ደሴ ወጥቼ ሥሯን ባይ ካታላይዘሩ እንደ ፍም ቀልቷል። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ዘይትም ትበላለች። አንዱ ባለሙያ «ኢጂአሩ ስለተደፈነ ነው» ይለኛል፤ ሌላው «የአገራችን ቤንዚን ነው»፤ ሦስተኛው «ሆዱን ሰብረህ ቀፎውን መልሰው» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ መፍትሔ አለው። ከሁሉ በፊት ግን ይህችን መኪና ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ላይ እንዳታቆም። ወቅቱ አጨዳ ነው፤ ሐይቅ ዳር ዓሣ ልብላ ብለህ ሣሩ ላይ ብትወጣ ከራስህ መኪና አልፈህ የሰው ክምር ታነድዳለህ።

ካታላይዘር ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በደቃቅ ቀዳዳ የተሞላ ሴራሚክ ነው። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሲሞቅ ሥራ ይጀምራል። ከ900 ዲግሪ በላይ ሲቆይ የብረቶቹ ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተጣበቁ አቅሙ ይወርዳል። ሴራሚኩ ራሱ እስኪቀልጥ ግን ከ1,400 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቀለጠ ካልክ እንግዲህ ውስጡ እሳት ነዷል ማለት ነው። ለእሳት ደግሞ ነዳጅም አየርም ያስፈልጋል። ነዳጅ ብቻውን ቢበዛ ካታላይዘሩን ያጠቁረዋል፣ መጥፎ ሽታም ያመጣል እንጂ እንዲህ አያቀልጠውም። ያልተቃጠለ ቤንዚንና አየር አብረው የሚደርሱበት መንገድ አለ፤ እኔ የምጠረጥረው ያንን የተበየደ ማኒፎልድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭስ ከሞተር የሚወጣው በግፊት በግፊት ነው፤ በሁለት ግፊት መካከል ቱቦው ውስጥ መሳብ ይፈጠራል። ብየዳው የፀጉር ያህል ከተሰነጠቀ ወይም ማሸጊያው (ጓርኒሲዮኑ) ካልያዘ በዚያች ቅጽበት የውጭ አየር ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ከስንጥቁ በኋላ ስለተቀመጠ የሚያየው ይህንን አየር ነው። ለኮምፒውተሩም «ቤንዚን አንሷል» ይለዋል። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ለ1 እጅ ቤንዚን በክብደት 14.7 እጅ አየር ነውና አምኖ ቤንዚን ይጨምራል። ትርፉ ቤንዚንና በስንጥቁ የገባው አየር ካታላይዘር ውስጥ ይገናኛሉ፤ ይነዳሉ። የእንቁላሉ ሽታም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ቤንዚን ሲበዛ በነዳጁ ውስጥ ያለው ድኝ ወደ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይለወጣል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሣና ማኒፎልዱ አጠገብ ጆሮህን ጣል፤ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ካለ፣ ሲሞቅም ከጠፋ፣ ስንጥቅ ነው። ብረቱ ሲግል ሰፍቶ ይገጥማልና ጋራዥ በጋለ ሞተር ከሄድክ ማንም አይሰማልህም። ገና ሳይግል የሳሙና አረፋ ብየዳዎቹ ላይ ቀብተህ፣ ሌላ ሰው የማርሚታውን አፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ይያዝልህ፤ የሚያፈሰው ቦታ አረፋ ይነፋል። ጥቁር የጥላሸት ጭረትም ፈልግ።

ማኒፎልዱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ካንዴላዎቹን፣ ገመዶቹንና የዲስትሪቡተሩን ክዳን እይ። አንድ ሲሊንደር ሳያቀጣጥል ሲቀር ቤንዚኑንም አየሩንም እንዳሉ ይልካቸዋል፤ ውጤቱ ያው ነው።

ወደ ዘይቱ ልምጣ። ኢጂአሩን ሁሉም ሲከስ የመተንፈሻ ቱቦውን ማንም አለማንሣቱ ይገርመኛል። በፒስተኑ ፋሻ በኩል ሾልኮ ወደ ታች የሚወርድ ጋዝ በማንኛውም ሞተር አለ፤ በዚያ ቱቦ ተመልሶ ሊቃጠል ነበር። አፉ በቡሎን ሲዘጋ ግፊቱ ዘይቱን በቫልቭ ጎማና በየማኅተሙ ይገፋዋል። ዘይት ውስጥ የብረት መፋቅን ለመከላከል የሚጨመር ዚንክና ፎስፎረስ አለ፤ ሲቃጠሉ የካታላይዘሩን ገጽ ይለብሱታል፣ አይለቁምም። አዲስ የመተንፈሻ ቫልቭና ቱቦ ግዛና መልስ፤ ከካታላይዘሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም።

ኢጂአሩ የሚሠራው ሌላ ነው። ጥቂት የተቃጠለ ጭስ ወደ ሲሊንደር መልሶ ሙቀቱን ይቀንሳል፣ ናይትሮጂን ኦክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝም ያሳንሳል። ሲደፈን ይህ ጋዝ ይበዛል፤ ካታላይዘሩ ሥራ ይበዛበታል እንጂ አይቀልጥም። ሞተሩ ግን ሊያንኳኳ ይችላል። ደሴ ላይ አትሰማው ይሆናል፤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ የሲሊንደሩ ግፊትም ይቀንሳል። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ስትወርድ ጫን ብለህ አዳምጥ። መመለሱን እመክራለሁ፣ ግን በመጨረሻ።

ቤንዚኑን ለሚከሱት፦ ካታላይዘር የሚገድለው እርሳስ ነበር። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መባቻ ቀርቷል። ከፍታውም አያመካኝም፤ ካርቡራቶር ቢሆን ዳገት ላይ ቤንዚን ያበዛ ነበር፣ ያንተ ኮምፒውተር ግን ለአየሩ መሳሳት ራሱ ያስተካክላል።

ሆዱን መስበር? ጉልበቷ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ተደፍኖ ነበር። ቤንዚን የምትጠጣው ግን አይቀንስም፣ ዘይቱም አይቆምም፤ ኮምቦልቻ መሃል ከኋላህ ለሚሄደው ባጃጅ ደግሞ አልመኝለትም። በእርግጥ መደፈኑን ለማወቅ ኦክስጅን ሴንሰሩን ፍቱና በቀዳዳው የግፊት መለኪያ አስገቡ፤ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር ግፊቱ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ካሳየ ተደፍኗል።

እንግዲህ መጀመሪያ ማኒፎልዱን አስበይድ፤ ወይም የፋብሪካው ተገኝቶ ከሆነ እሱን መልስ፣ እኔ ብሆን እንዲያ ነው የማደርገው። ቀጥሎ መተንፈሻው፣ ካንዴላው፣ ያረጀ ከሆነም ሴንሰሩ። ዘይት መብላቷ መቆሙን ሳታይ ካታላይዘር አትግዛ። እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከቆመ ወዲህ ያሉንን ይዘን ነው የምንኖረው፤ ከሰው መኪና የወጣ ካታላይዘር ደግሞ በምን ምክንያት እንደወጣ አይነገርህም።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው የምጽፈው፣ አስተማሪ ነኝ። ቪትዜ ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ሲመረመር «ፒ0420» አለ፤ የካታላይዘሩ አቅም ወርዷል የሚል ኮድ ነው። ሠራተኛው ሁለተኛው ሴንሰር ሥር ማራዘሚያ ቡሽ ገጥሞ መብራቱን እንደሚያጠፋው ነግሮኛል። አሮጌውን ካታላይዘርም ልግዛሽ ይላል። ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከካታላይዘሩ በኋላ ያለው ሴንሰር ዋና ሥራው መታዘብ ነው፤ የቤንዚኑን መጠን በዋናነት የሚወስነው የፊተኛው ነው። ማራዘሚያው ሴንሰሩን ከጭሱ ያርቀውና ዝም ያሰኘዋል፣ ካታላይዘሩ ግን ከነሕመሙ ይቀጥላል። ኮዱ ስለወጣም ካታላይዘሩ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ሴንሰሩ አካባቢ ያለ የጭስ ማፍሰስም ያንኑ ኮድ ያመጣል፣ መጀመሪያ እሱ ይታይልዎ። መብራቱ ዝም ብሎ ከመብራት አልፎ ብልጭ ድርግም ካለ ሲሊንደር እየሳተ ነውና መኪናዋን አይንዱ።

አሮጌውን የሚፈልገው ውስጡ ስላሉት ብረቶች ነው። ጥቂት ግራም ብቻ ናቸው፣ ግን ሮዲየምና ፓላዲየም ውድ ናቸው። የሚያስቀይሩ ከሆነ የወጣው ዕቃ የእርስዎ ነውና ይዘውት ይሂዱ፤ ሌላ ሁለት ቦታ ሳያስገምቱ አይስጡት።